ሁለት ብዕር፣ አንድ ስም፦ የፍቅር ልቦለድ አብረው ለሚጽፉ ባልና ሚስት

አንና ሰርዥ ጎሎን አፍሪካ ውስጥ ተዋውቀው የተጋቡ ባልና ሚስት ነበሩ። እሷ ጸሐፊ፣ እሱ በትውልዱ ሩሲያዊ የሆነ የሥነ ምድር ባለሙያ። ወደ ፈረንሳይ ከተመለሱ በኋላ በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዘመን የሚፈጸም የፍቅር ልቦለድ አብረው ጀመሩ። እሱ የዘመኑን ልብስ፣ ምግብ፣ ሕግና የቤተ መንግሥት ሤራ ከመጻሕፍት እየለቀመ ያመጣል፤ እሷ ትጽፋለች። «አንጀሊክ» የተባለው ተከታታይ ልቦለዳቸው በፈረንሳይ በ1957 እ.ኤ.አ. መውጣት ጀመረ፤ በብዙ ቋንቋዎች ተተረጎመ፤ ከ1964 ጀምሮም በፊልም ታየ። በእንግሊዝኛው ትርጉም ሽፋን ላይ የሁለቱ ስም ተጋጥሞ «ሰርዣን ጎሎን» የሚባል አንድ ደራሲ ተወለደ። ሰርዥ በ1972 ካረፈ በኋላ ግን አን የማን ድርሻ ምን እንደነበረ ለማስረዳትና በመጻሕፍቱ ላይ ያላትን መብት ለማስከበር ረጅም ዓመታት ደከመች።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ባልና ሚስት ሆኖ የፍቅር ልቦለድ መጻፍ የሚቻልና የሚያኮራ ሥራ ነው። በፍቅር የተጀመረ ሥራ በቃል ብቻ ሲቀጥል ደግሞ ኋላ ዋጋ ያስከፍላል። እናንተም አንዳችሁ የሰማችሁትን የሰፈር ታሪክ ሌላችሁ «እኔ ብሆን እንዲህ አድርጌ እጨርሰው ነበር» እያላችሁ የምታመሹ ከሆነ፣ በሚከተሉት ዘጠኝ ደረጃዎች እለፉ።

1. በአጭር ልቦለድ ተፈታተኑ

ሦስት መቶ ገጽ ከመጀመራችሁ በፊት አሥር ገጽ ጻፉ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት የሚተዋወቁበት አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ ሌላ ምንም አትጨምሩ። ግማሹን አንዳችሁ፣ ግማሹን ሌላችሁ ጽፋችሁ አንዱ የሌላውን ያርም። የጊዜ ገደቡ አንድ ወር ይሁን።

ሲያልቅ ሁለታችሁም ለየብቻ፣ ሳትተያዩ፣ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር አስፍሩ፦ ከሥራው የወደድኩት፣ ከሥራው ያስቀየመኝ። ከዚያ ተለዋወጡ። እርማቱ ቁርስ ላይ ዝምታ ያመጣ ከሆነ በግልጽ ተነጋገሩበት። ቅሬታው ደስታውን ከበለጠው አንዳችሁ ደራሲ፣ ሌላችሁ የመጀመሪያ አንባቢ ብትሆኑ ይሻላል። ጥሩ አንባቢ ቤቱ ውስጥ ያለው ደራሲ የታደለ ነው።

2. የብዕር ስሙን እንደ ልጅ ስም አስባችሁ አውጡት

ስዊድናውያኑ አሌክሳንድራና አሌክሳንደር አንዶሪል በየስማቸው መጻሕፍት ያሳተሙ ባልና ሚስት ናቸው። አብረው ለመጻፍ ሲሞክሩ ግን በጭቅጭቅ ያልቅ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ነገሩ የተቃናላቸው «ላርስ ኬፕለር» የሚባል ሦስተኛ ሰው ፈጥረው በእሱ ስም መጻፍ ሲጀምሩ ነው። የእነሱ ሥራ የወንጀል ልቦለድ ቢሆንም ዘዴው ለፍቅር ልቦለድም ይሠራል። «ያንተ ይሻላል ወይስ የኔ?» የሚለው ጥያቄ «ደራሲያችን ብትሆን እንዴት ትለው ነበር?» በሚል ሲተካ፣ የብዕር ስሙ በመካከላችሁ እንደ ሽማግሌ ይቀመጣል።

በውጭ አገር የተለመደው የሁለቱን ስም ማጋጠም ነው። አሜሪካ የሚኖሩት ኢሎናና አንድሩ ጎርደን «ኢሎና አንድሩዝ» ሆኑ። እንግሊዛውያኑ ኒኪ ጄራርድና ሾን ፍሬንች የእሷን ስም ከእሱ የቤተሰብ ስም ጋር አጣምረው «ኒኪ ፍሬንች» ተባሉ። ለሃርለኩዊን የፍቅር ልቦለዶች የጻፉት ሎሪና ቶኒ ካራያኒ ደግሞ ከየስማቸው ፊደል አዋጥተው «ቶሪ ካሪንግተን»ን ፈጠሩ።

በእኛ የስም ሥርዓት ግን ይህ መንገድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለተኛው ስም የአባት ስለሆነ፣ የሚስትን ስም አስቀድማችሁ የባልን ብታስከትሉ አንባቢ አባትና ልጅ አድርጎ ያነበዋል። እኔ የምመክረው ከሁለቱም ወገን አያት ስም መውሰድን ነው፤ የእሷን ሴት አያት ስም ከእሱ ወንድ አያት ስም ጋር። ስሙ የሁለቱን ቤተሰብ ይዞ ይሄዳል፣ የሁለታችሁንም ማንነት አያሳብቅም። በእኛ ባህል ሚስት የባሏን ስም አትወስድም፤ ስለዚህ ይህ የብዕር ስም በሕይወታችሁ የምትጋሩት ብቸኛ ስም ሊሆን ይችላል።

ጾታውንም አስቡበት። አማርኛ «ደራሲው» ወይም «ደራሲዋ» ሳይል አያልፍም። ቁርጥ ያለ ነገር ካልፈለጋችሁ ደስታ፣ ቃልኪዳን፣ ዓለም እንደሚሉት ለወንድም ለሴትም የሚሆን ስም ምረጡ። ከመወሰናችሁ በፊት በዚያ ስም የሚጽፍ ሌላ ሰው እንደሌለ መጻሕፍት መደብሮችን እየዞራችሁ፣ ወመዘክርም ሄዳችሁ አጣሩ።

3. መጨረሻውን በመጀመሪያ ተስማሙበት

የአሜሪካ የፍቅር ልቦለድ ጸሐፊዎች ማኅበር ለዘርፉ ባወጣው ፍቺ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የታሪኩ እምብርት ፍቅር እንዲሆን፣ መጨረሻውም ልብ የሚያሳርፍና ተስፋ ያለው እንዲሆን። የእኛ አንባቢ ያደገው ግን በሌላ ባህል ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስሙ እንደሚለው ወደ መቃብር ይወስዳል፤ ሰብለወንጌልና በዛብህ በዚህ ዓለም አብረው ለመኖር አልታደሉም።

ሁለቱም መንገድ ክቡር ነው፤ የሚያስከትለው መጽሐፍ ግን የተለያየ ነው። አንዳችሁ ሠርግ፣ ሌላችሁ ለቅሶ እያሰባችሁ ብትጀምሩ ሃያኛው ምዕራፍ ላይ ትጋጫላችሁ። ስለዚህ የመጨረሻውን ምዕራፍ በአንድ ገጽ አብራችሁ ጻፉና በሥራ ጠረጴዛችሁ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጥፉት።

ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ሠላሳ ምዕራፎችን ንደፉ፤ ለእያንዳንዱ ሦስት መስመር ይበቃል፦ ማን ምን ይፈልጋል፣ ምን ይከለክለዋል፣ ሲያበቃ ምን ተለወጠ። ፍቅረኞቹን የሚለያያቸው ነገር አንድ ስልክ ቢደወል የሚፈታ አለመግባባት አይሁን። የወላጅ ፈቃድ፣ የሃይማኖት ልዩነት፣ ስደት፣ ለታናናሽ ወንድምና እኅት የሚላክ ደመወዝ፣ የቆየ የቤተሰብ ቂም፣ እነዚህ አንባቢያችን በቤቱ የሚያውቃቸው እውነተኛ ግድግዳዎች ናቸው።

4. ከሦስቱ የሥራ ክፍፍሎች አንዱን ምረጡ

የመጀመሪያው የጎሎኖች መንገድ ነው፤ አንዱ ያጠናል፣ ሌላው ይጽፋል። ታሪካዊ መቼት ላለው ልቦለድ፣ ወይም ከሁለታችሁ አንዱ ብቻ የጽሑፍ እጅ ካለው ይስማማል።

ሁለተኛው ምዕራፍ መፈራረቅ ነው። ስዊድናውያኑ ጥንዶች ማይ ሼቫልና ፔር ቫሉ ከ1965 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. አሥር የወንጀል ልቦለዶችን ጽፈዋል። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ማታ ማታ ተቀምጠው አንዱን ምዕራፍ እሷ፣ ቀጣዩን እሱ እያሉ ነበር የሚሠሩት። ኒኪ ጄራርድና ሾን ፍሬንችም ታሪኩን አብረው ያቅዳሉ፤ ሲጽፉ ግን ለየብቻ ናቸው። አንዱ ክፍሉን ጨርሶ ይልካል፤ ሌላው እንዳሻው ይለውጣል፣ ይሰርዛል፣ ይጨምራል። የትኛውን ማን እንደጻፈም ለአንባቢ አይናገሩም።

ሦስተኛው ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ አንዱ እየተናገረ ሌላው እየተየበ መጻፍ ነው። ለምልልስ የበዛበት ትዕይንት በጣም ጥሩ ነው፤ ለረጅም ትረካ ግን ያዘገያል።

ለጀማሪ የምመክረው ሁለተኛውን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 30 ምዕራፍ፣ በአማካይ 2,000 ቃል፣ በድምሩ 60,000 ቃል። በሳምንት አንድ አንድ ምዕራፍ ብትጽፉ የመጀመሪያው ረቂቅ በ15 ሳምንት ያልቃል። ለየሳምንቱ ሁለት የተወሰኑ ምሽቶች መድቡ፤ በእነዚያ ምሽቶች ልጆቹን የሚያስተኛውና እራት የሚያቀርበው ተራው ያልሆነው ሰው ይሁን። የቤቱ ሥራ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ወድቆ መጽሐፉ የጋራ ሊሆን አይችልም። አንዳችሁ ሪያድ ወይም ዋሽንግተን፣ ሌላችሁ አዲስ አበባ ብትሆኑም ይህ መንገድ ያስኬዳል፤ ምዕራፉ በቴሌግራም ይሄዳል፣ አስተያየቱ በድምፅ መልእክት ይመለሳል።

5. አንድ ድምፅ እንዲሰማ ደብተር ያዙ

አንባቢ ሁለት ሰው እንደጻፈው የሚነቃው ብዙውን ጊዜ በጥቃቅን ነገር ነው። አንዳችሁ «ፀሐይ» ሌላችሁ «ጸሀይ»፣ አንዳችሁ «ዓይን» ሌላችሁ «አይን» ትጽፋላችሁ። አንዳችሁ ጎጃም፣ ሌላችሁ ሸዋ ወይም ወሎ አድጋችሁ ከሆነ የቃላት ምርጫችሁም ይለያያል። ለዚህ አንድ ደብተር ክፈቱ። የፊደል አጻጻፉን፣ የገጸ ባሕርያቱን ዕድሜ፣ የዓይን ቀለም፣ የእናት ስም፣ የሰፈሩን አቀማመጥ፣ ታሪኩ የሚፈጸምበትን ዓመትና ወር አስፍሩበት። ክርክር ሲነሳ ደብተሩ ይፍረድ።

ከሁሉ በላይ ግን ጥንቃቄ የሚፈልገው አጠራሩ ነው። በአማርኛ ፍቅር «እወድሻለሁ» ከመባሉ በፊት በመጥሪያው ውስጥ ይታያል። ልጅቱ መጀመሪያ «ጋሼ» ትለዋለች፤ ከዚያ «እርስዎ» ይቀራል፤ አንድ ቀን ሳታስበው «አንተ» ያመልጣታል፤ ሁለቱም ይደነግጣሉ። ይህ ትዕይንት በራሱ አንድ ምዕራፍ ይሸከማል። አንዳችሁ በአሥረኛው ምዕራፍ «አንተ» ካስባላችኋት በኋላ ሌላችሁ በአሥራ አንደኛው ወደ «እርስዎ» ብትመልሷት ግን አንባቢ የተጣሉ መስሎት ምክንያቱን ይፈልጋል። ስለዚህ ማን ማንን በየትኛው ምዕራፍ ምን ብሎ እንደሚጠራ በደብተሩ ላይ ሠንጠረዥ ሥሩ። የአማቶችን፣ የጓደኞችን፣ የቤት ሠራተኛዋን አጠራር ጭምር።

የትረካውን አንጻርም ወስኑ። አማርኛ በአንደኛ መደብ ጾታ አይለይም፤ «ሄድኩ»፣ «ወደድኩ» የሚለው ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል። ታሪኩን አንዴ በእሷ፣ አንዴ በእሱ «እኔ» ልትተርኩት ካሰባችሁ ይህ ያምራል፤ አንባቢ እንዳይደናገር ግን የምዕራፉ የመጀመሪያ አንቀጽ ተራኪው ማን እንደሆነ ያሳውቅ። ሚስት የሴቷን፣ ባል የወንዱን ክፍል ብቻ እንዲጽፉ አትገደዱ። ረቂቁ ካለቀ በኋላ ግን የሴቷን ንግግር ሚስት፣ የወንዱን ንግግር ባል መርምረው «እንዲህ አንልም» የሚሉበት መብት ይኑራቸው። ብቻውን የሚጽፍ ሰው ይህን ዕድል አያገኝም።

6. ከቤት የማይወጣውን ለዩ

የፍቅር ልቦለድ የምትጽፉት ባልና ሚስት ሆናችሁ ስለሆነ አንባቢም ዘመድም በየገጹ እናንተን ይፈልጋል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የራሳችሁን ሕይወት በሦስት ክፈሉት፦ በነፃነት የምንጠቀምበት፣ ተጠያይቀን የምንጠቀምበት፣ ፈጽሞ የማንነካው። የእጮኝነታችሁ ዘመን ጨዋታ ከመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። የአማት ቤት ቅያሜ ከሁለተኛው ነው። ከመጋረጃ በስተጀርባ ያለው፣ የታመማችሁበት፣ ያለቀሳችሁበት ነገር ግን የቤት ነው። አንዳችሁ «ይህ ይቅር» ካላችሁ ምክንያት ሳይጠየቅ ይቅር።

ከሰው ሕይወት የወሰዳችሁትንም ለውጡት። ሙያውን፣ ከተማውን፣ የልጆቹን ቁጥር፣ የነገሩን ቅደም ተከተል ቀይራችሁ ስሜቱን ብቻ አስቀሩ። ጎረቤት ራሱን ገጽ 40 ላይ ካገኘ፣ ሁለተኛ በራችሁን አያንኳኳም።

ሁለት ፈተና ይመጣል። አንዱ በገጸ ባሕርይ አፍ ትዳር ጓደኛን መውቀስ ነው። የልቦለዱ ባል ገንዘብ ሲደብቅ ስትጽፊ ያንቺን ባል እያሰብሽ ከሆነ፣ መጀመሪያ ከባልሽ ጋር ተነጋገሪ፣ ምዕራፉን ቆየት ብለሽ ጻፊው። ሌላው ፈጠራን መመርመር ነው። እሱ የዋናውን ገጸ ባሕርይ የድሮ ፍቅረኛ አሳምሮ ሲጽፍ «ይህች ማን ናት?» ብሎ ማፋጠጥ ብዕሩን ያስረዋል። ፈጠራ በሐሳብ ይተቻል እንጂ በጥርጣሬ እንደማይመረመር ቃል ተገባቡ።

የመኝታ ቤት ትዕይንቱ የት ላይ እንደሚቆምም አስቀድማችሁ ወስኑ። ብዙ የአማርኛ አንባቢ ልጆች ባሉበት ቤት ነው የሚያነበው፤ በሩ ደጃፍ ላይ የቆመ ትዕይንት ከገባው የበለጠ የሚያቃጥልበት ጊዜ አለ። መለኪያው ቀላል ነው፦ ሁለታችሁም ለታላቅ እኅታችሁ ለማስነበብ የማታፍሩበት ይሁን።

7. ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ሽማግሌ አስገቡ

ረቂቁ ሲያልቅ ሁለት ሳምንት አሳርፉት። ከዚያ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ እሷ የጻፈችውን እሱ፣ እሱ የጻፈውን እሷ። የእኛ ሰው ልቦለድን በጆሮውም ያውቀዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ የሰማ ትውልድ መጽሐፉን እስከ ዛሬ በዚያ ድምፅ ያስታውሰዋል። ምላስ የሚያደናቅፈው ዓረፍተ ነገር ዓይንንም ያደናቅፋል።

እርማቱ ሦስት ዙር ይኑረው። በመጀመሪያው ታሪኩን ብቻ፣ በሁለተኛው ምልልሱንና አጠራሩን፣ በሦስተኛው ፊደልና ሥርዓተ ነጥቡን እዩ። የተሰረዘው ሁሉ በሌላ ፋይል ይቀመጥ፤ ሰው የደከመበት ነገር ጨርሶ እንዳልጠፋ ሲያውቅ በቀላሉ ይለቃል።

የማትስማሙባቸው ቦታዎች ይቀራሉ። እነሱን ምልክት አድርጋችሁ ለአንድ የውጭ አንባቢ ስጡ። ይህ ሰው የአንዳችሁ ወላጅ ወይም የቅርብ ጓደኛ አይሁን፤ የትኛውን ክፍል ማን እንደጻፈም አይወቅ። ፍርዱን ከመስማታችሁ በፊት ለመቀበል ተስማሙ።

8. የትዳሩን ፍቅር በወረቀት አጽኑት

በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በጋራ የተደረሰ ሥራ መብቱ የተባባሪ ደራስያኑ የጋራ ነው። ሕጉ ደራሲ በብዕር ስም የመጠቀም መብቱንም ያውቅለታል። የጋራ ሥራ የኢኮኖሚ መብት የሚጠበቀው ሁለታችሁም በሕይወት እስካላችሁ፣ ከዚያም ኋላ የሚቀረው ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። የደራሲው ማንነት ያልታወቀ የብዕር ስም ሥራ ግን 50 ዓመቱ የሚቆጠርለት ሥራው ከተሠራበት ወይም ለሕዝብ ከቀረበበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በሽፋን ላይ ብትሰወሩም በሰነድ ላይ መታወቃችሁ ለልጆቻችሁ የሚተርፈውን ዘመን ይወስናል ማለት ነው። ስለዚህ ሥራችሁን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በእውነተኛ ስማችሁ አስመዝግቡ። ከአሳታሚ፣ ከማተሚያ ቤትና ከአከፋፋይ ጋር የምትዋዋሉትም ሁለታችሁም በእውነተኛ ስማችሁ ፈርማችሁ ይሁን።

በእናንተ በሁለታችሁ መካከልስ? በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ዘመን ከግል ጥረት የሚገኝ ገቢ የጋራ ሀብት ነው። በዚሁ ሕግ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በምትኖሩበት ቦታ ያለውን ጠበቃ አማክሩ። በመካከላችሁ በምታደርጉት ውል ላይ ቢያንስ እነዚህ ይስፈሩ፦ የማን ሥራ ምን እንደነበረ፣ ገቢው ወጪው ተቀንሶ እንዴት እንደሚከፈል፣ ከሁለት አንዳችሁ ብትሞቱ ወይም ብትለያዩ ስሙን ማን እንደሚቀጥልበት፣ ያልተጠናቀቀ ረቂቅ ማን ዘንድ እንደሚቀር፣ ለፊልምና ለድምፅ ትረካ ማን እንደሚፈቅድ። ይህን ሳትጣሉ ጻፉት፤ ሲጣሉ የሚጻፍ ውል የጠብ ውል ይሆናል።

9. ምስጢሩ የሚወጣበትን ቀን ተዘጋጁበት

ላርስ ኬፕለር ማን እንደሆነ ስዊድናውያን ጋዜጠኞች የደረሱበት የመጀመሪያው መጽሐፍ በወጣበት በዚያው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። የእናንተም በምረቃ ቀን፣ በማተሚያ ቤት ወይም በዘመድ አፍ ይወጣል። ስለዚህ «እኛ ነን» የምትሉበትን ቃል አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ልጆቻችሁና ወላጆቻችሁም ከሌላ ሰው ሳይሰሙ ከእናንተ ይስሙ።

አንድ ነገር ግን አታድርጉ፤ ለብዕር ስማችሁ የሐሰት ሕይወት አትፍጠሩለት። በስፔን «ካርመን ሞላ» የተባለችው ደራሲ ሴት ፕሮፌሰር ናት ተብላ ስትታወቅ ቆይታ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የፕላኔታ ሽልማትን ለመቀበል ሦስት ወንዶች መድረክ ላይ ወጡ፤ ብዙ አንባቢም ተቆጣ። የብዕር ስም መጋረጃ ነው፤ አንባቢ መጋረጃ እንዳለ ያውቃል፣ ያከብራልም። የፈጠራ የሕይወት ታሪክ ግን እምነቱን ይሰርቃል። በጀርባ ሽፋኑ ላይ የምትጽፉት ባጭሩም ቢሆን እውነት ይሁን።

እንግዲህ ዛሬ ማታ የመጀመሪያውን ደብተር ክፈቱ። በፊተኛው ገጽ ስሙን፣ በሁለተኛው መጨረሻውን፣ በሦስተኛው የእያንዳንዳችሁን ድርሻ ጻፉ፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት። አን ጎሎን ያ ሁሉ ዓመት የደከመችበት እንዲህ ያለ ሦስተኛ ገጽ ቢኖራት በቀለላት ነበር። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል፤ ለልጆቻችሁ የሚወረስ ነገር ልትሠሩ ተነስታችኋልና በመጽሐፍ ይሁን።